ስለ ግላይፎሴትና ስለ ምንጫችን ውኃ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የአፈርና የውኃ ባለሙያዎች፤ በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ፣ ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም የሚረጭበት ማሳ ቤተሰቤ ከሚጠጣው ምንጭ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ይገኛል። ኬሚካሉ በአፈር ውስጥ ሲፈርስ አምፓ የተባለ ውሁድ ይሆናል፤ አምፓም ከግላይፎሴቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግላይፎሴት በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ሲል መድቦታል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን በዚህ አይስማማም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግላይፎሴትም አምፓም ከአፈር ጋር አጥብቀው ስለሚጣበቁ፣ የሐምሌ ጎርፍ ጥቁሩን ደለል ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ሲከተው አብረው መግባታቸው ነው፤ ውኃ ማፍላትም አያስወግዳቸውም። ጎረቤቶቼ ባዶውን የኬሚካል ጀሪካን አጥበው ውኃ ሲቀዱበት ማየቴማ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ናሙናውን መቼና በምን ዕቃ ልቅዳ፣ አምፓን ጭምር የሚመረምር ላቦራቶሪስ የት አገኛለሁ? በማሳውና በምንጩ መካከል ምን ያህል ስፋት ያለው የሣር ንጣፍ ቢተው ደለሉን ያስቀራል?