ጥቆማ፦ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ለሚመጣበት ግቢ ራሱን የሚያጠጣ መደብ (ጎንደር)

የማራኪዋ ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማራኪ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም በአሥር ቀን ይመጣል። መስኮቴ ሥር 2 ሜትር በ1 ሜትር የምትሆን ቦታ አለችኝ። ቆስጣና ሰላጣ የማበቅልባት፣ ከሥሯ ውሃ አጠራቅማ አፈሩ ከታች እየሳበ የሚጠጣባት መደብ ልሠራ አስቤአለሁ። ላስቲክ ከአራዳ ገበያ ልግዛ ወይስ አሮጌ በርሜል ላስቆርጥ? የቱ ይረክሳል? የቱስ ይበረክታል?

የአዘዞ አባወራ፦ በርሜል እንዳትገዢ! እኔ ባለፈው ዓመት ባለ 200 ሊትር በርሜል ገዛሁ። ሻጩ የምግብ ዘይት የነበረበት ነው ብሎ ማለልኝ። ሦስት ቀን በአመድና በሳሙና አጥቤ አፈር ሞላሁበት። የጎመኑ ቅጠል ከጫፉ እየነደደ ደረቀ። አፈሩን ስገለብጠው የሞተር ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ልጆቼ ከዚያ ጎመን ሁለት ጊዜ በልተዋል፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰሚራ ከፒያሳ፦ ሻጩ ገንዘብህን መለሰልህ?

የአዘዞ አባወራ፦ ምን ይመልሳል! «አንተ ሳታጥበው ቀርተህ ነው» አለኝ።

ሰሚራ ከፒያሳ፦ እኔም የአረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ተሸጦልኝ ያውቃል። እግዚአብሔር አተረፈን፤ ሽታውን አክስቴ ለየችው።

የአራዳ ደንበኛ፦ ላስቲክ ከሆነ አራዳ 11 ዓመት የምገዛበት ሱቅ አለ። ባለቤቱ ሜትሩን አያጎድልም፣ ሲለካም ጨምሮ ነው የሚቆርጠው። ሌላ ቦታ አትልፊ።

እናት ዓለም፦ ይህን ሱቅ ያወቅሁት ይመስለኛል። የገዛሁት ላስቲክ በሦስት ወር ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጣጠቀብኝ።

የአራዳ ደንበኛ፦ ፀሐይ ላይ ትተሽው ይሆናል እንጂ ሱቁ ምን በደለ? የእርሱ ላስቲክ አይሰነጠቅም።

ባለ ሎሚው፦ እህቴ፣ ቆስጣ ውሃ ይፈጃል። ሎሚ ትከዪ። እኔ ግቢ አንዷ የሎሚ ዛፍ ለሦስት ጎረቤት ትበቃለች።

ቀጥተኛው፦ በርሜሉ ተረገመ፣ ሱቁ ተወደሰ፣ ሎሚም ተተከለ። ልጅቷ የጠየቀችውን የመለሰ ግን አንድም ሰው የለም። ተከራይ ነኝ ያለችውንስ ያነበበ አለ?

ግንበኛው፦ ልክ ነህ። እኔ ለእናቴ ሠርቻለሁ፤ አራት ዓመት ሆኖታል።

እህቴ፣ ወፍራም ላስቲክ ግዢና ሁለት እጥፍ አድርገሽ አንጥፊው። ከሥሩም ከላዩም አሮጌ ጆንያ ይሁን፤ ላስቲክ የሚበሳው በድንጋይ ጫፍ ነውና። ፀሐይ የሚያገኘውን ዳር በአፈር ወይም በጣውላ ሸፍኚው፤ እናት ዓለምን የጎዳት ይኸው ይመስለኛል። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ሙዪ። በአንቺ መደብ ልክ በጠጠሩ መካከል ከ120 እስከ 140 ሊትር ውሃ ይገባል፤ ስድስት ሰባት ጀሪካን ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃ በጠጠር ሽቅብ አይወጣም፤ የሚስበው አፈር ነው። ስለዚህ ሦስት የተበሳሱ ትንንሽ ባልዲዎች አፈር ሞልተሽ ከላስቲኩ ወለል እስከ ጠጠሩ አናት አቁሚ። መደቡ የሚጠጣው በእነርሱ በኩል ነው። በቀረው ጠጠር ላይ ጨርቅ አልብሺና ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ጨምሪ፤ ከዚያ ካለፈ እርጥበቱ ላይ አይደርስም። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ብስባሽና አሸዋ ቀላቅይበት።

ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ በጠጠሩ አናት ልክ ይሁን። እርሱን የረሳ በሐምሌ አትክልቱን ያሰጥማል፤ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት የእናቴን ሰላጣ ያበሰበስሁት በዚሁ ነው። ከላይ ወደ ጠጠሩ ውሃ የምትሞዪበትን ቧንቧ አፍ በስስ ጨርቅ እሰሪው፤ ትንኝ እንቁላል ይጥልበታል። ችግኙ ሥር እስኪሰድ ሁለት ሳምንት ያህል ከላይ ማጠጣት አይቀርም።

እትዬ ጤና አዳም፦ ልጄ፣ ለኪራይ ቤት ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ ሂጂ፤ ሸክላ ሠሪዎቹን ያልተሟሸ ማሰሮ ስጡኝ በያቸው። የተሟሸ እንዳትወስጂ፤ ዘይቱ ገላውን ይደፍነዋል። አንገቱ ድረስ ቅበሪው፣ ውሃ ሙዪው፣ ክደኚው። እኔ ከመቅበሬ በፊት አንዱን ሞልቼ በረንዳ ላይ አሳደርሁት። ጠዋት ገላው በሙሉ አልቦ፣ ሥሩ ያለው አቧራ ረጥቦ አገኘሁት። ቤት ስትለቂ ነቅለሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ቻይናዎች ከ2,000 ዓመት በፊት ይህንኑ ይሠሩ ነበር ብሎ ልጄ አንብቦልኛል። ጤና አዳምሽን ግን ከማሰሮው አርቂው፤ ብዙ ውሃ አይወድም።

የአራዳ ደንበኛ፦ ማሰሮ ይሰበራል። ላስቲክ ይሻላል፤ እዚያ ሱቅ ሄደሽ እኔ ላክሁሽ በይ።

የማራኪዋ ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ ስለ ማሟሸቱ ስላሰቡልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ አራዳም ወለቃም ደርሼ አያለሁ። ግንበኛው፣ ከሥር የሚሆነው ጆንያ ማዳበሪያ የነበረበት ቢሆን ችግር አለው?

ግንበኛው፦ በደንብ ከታጠበ የለውም።

የአዘዞ አባወራ፦ አሽትተሽ ግዢ።