ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ነጥብ እንዴት ነው የሚገኘው?

ሰላም ጓዶች፣ ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ፣ ትናንት ስታክ ኦቨርፍሎው (የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ሳይት) ላይ አካውንት ከፍቼ አንድ ሰው የመለሰው ስር ኮሜንት ልጽፍ ስል 50 ነጥብ ያስፈልጋል ይላል፣ እኔ ያለኝ 1 ብቻ ነው 😅 ከየት ነው የማመጣው?

መልስ 1፦
ሁሉም በ1 ነው የሚጀምረው ወንድሜ አይክፋህ። ጥያቄህን ወይ መልስህን ሰው አፕቮት (ጥሩ ነው የሚል ድምፅ) ሲያደርግልህ 10 ታገኛለህ፣ ጠያቂው ደግሞ ያንተን መልስ መርጦ አረንጓዴዋን ምልክት ካደረገልህ 15። ዳውንቮት (ጥሩ አይደለም የሚል ድምፅ) ከመጣብህ 2 ይቀነሳል። የሚገርመው የሌላ ሰው መልስ ዳውንቮት ስታደርግ ካንተም 1 ይሄዳል፣ ዝም ብሎ በንዴት እንዳይጫን መሰለኝ። እና ደግሞ በራስህ ጥያቄ ስር ያለ 50 ነጥብም ኮሜንት መጻፍ ትችላለህ።

መልስ 2፦
ከነጥቡ በፊት አጠያየቁን ልመድ። መጀመሪያ ሰርች አድርግ፣ ሳይቱ በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ስላለ የጀማሪ ጥያቄ አብዛኛው ተጠይቆ አልቋል፣ ድጋሚ ከጠየቅክ "ዱፕሊኬት" (የተደገመ) ብለው ዘግተው ወደ ድሮው ይልኩሃል (ስድብ አይደለም፣ እዛው መልሱ አለ)። ኮዱን በስክሪንሾት አትላክ፣ ኮፒ አድርገህ ለጥፍ፣ ችግሩን የሚያሳየውን ትንሿን ክፍል ብቻ፣ ኤረሩን ግን ሳትቆርጥ ሙሉውን።

መልስ 3፦
ነጥብ ለመሰብሰብ ብለህ የቻትጂፒቲ መልስ እንዳትለጥፍ ብቻ፣ በፈረንጆቹ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ክልክል ነው። የሰው ፖስት ኤዲት አድርገህ ሲጸድቅልህ ግን 2 ነጥብ አለው፣ እኔ በሱ ነው የጀመርኩት።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ ኤዲቱን ልሞክር በቃ 🙏