ማደን (Madden) ጌም ላይ ኳስ በአየር መላክ አቃተኝ፣ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ማደን የሚባለውን የአሜሪካን ፉትቦል ቪዲዮ ጌም የምትጫወቱ ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሩጫው ላይ ደህና ነኝ። ኳስ በአየር መላኩ ላይ ግን ግራ ገብቶኛል፤ በተለይ ኦንላይን ከሰው ጋር ስጫወት።

ከስናፕ (ኳሷ ተነስታ ጨዋታው ከሚጀመርበት ቅጽበት) በፊት ሴፍቲዎቹን፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ተከላካዮች፣ አያለሁ። ሁለቱም ከኋላ ከቆሙ ከቨር ቱ (ሁለቱ ሴፍቲዎች የኋላውን ሜዳ ለሁለት ተካፍለው የሚጠብቁበት መከላከል) ነው ብዬ፣ በመስመሩ ዳር ከኮርነርባኩ (ከዳር ተከላካዩ) ጀርባ ያለችውን ክፍተት አስባለሁ። ኳሷ እንደተነሳች ግን አንዱ ሴፍቲ ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሌላው መሃል ይገባል፣ ኮርነርባኮቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ከቨር ስሪ ሆነ ማለት ነው፤ የኋላውን ሜዳ ሦስት ሰው ይጠብቀዋል። ያቺ ክፍተት ተዘጋች! ሌላ ሰው እስክፈልግ ሳክ እደረጋለሁ፤ ኳሷን ሳልልክ ይጥሉኛል።

ለከቨር ስሪ ፎር ቨርቲካልስ (አራት ሰው በቀጥታ ወደ ፊት የሚሮጥበት ጨዋታ) ጥሩ ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ሪሲቨሮች (ኳስ ተቀባዮች) የመሃሉን ሴፍቲ ያስጨንቁታል። ችግሩ ተጋጣሚዬ ላይንባከሩን (ከሴፍቲዎቹ ፊት ያለውን የመሃል ተከላካይ) ራሱ እየተቆጣጠረ መንገዱ ላይ ይቆምብኛል። ቁልፉን ጫን ብዬ ፈጣን ኳስ ስልክ ይጠልፋታል። ነካ አድርጌ ከፍ ሳደርጋት ደግሞ ሴፍቲው ይደርስባታል።

እናንተ መጀመሪያ ዓይናችሁን የምትጥሉት ማን ላይ ነው? ሴፍቲው ላይ ወይስ ላይንባከሩ ላይ? ላይንባከሩን ከቦታው የሚጎትትልኝ አጭር ሩት (የሪሲቨር የሩጫ መንገድ) የትኛው ነው? ልምዱ ያላችሁ፣ በሞቴ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።