በጋማ ስፔክትረም 184 ላይ ያለው ጉብታ ከየት መጣ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ላብራቶሪ ውስጥ የሲዚየም-137ን (የራዲዮአክቲቭ ምንጫችንን) ጋማ ጨረር በሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ለክተን ስፔክትረሙን (የትኛው ጉልበት ስንት ጊዜ እንደተቆጠረ የሚያሳየውን ግራፍ) አወጣን። 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው ረጅሙ ጫፍ ገብቶኛል፤ የፎቶኑ (የጋማ ጨረሩ ቅንጣት) ጉልበት ሙሉ በሙሉ የዲቴክተሩ ክሪስታል ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ከ477 በታች የተዘረጋው ሜዳም አላስቸገረኝም። ፎቶኑ ኤሌክትሮን ገጭቶ ሲያመልጥ የሚሰጠው ከፊል ጉልበቱን ነው፤ በ180 ዲግሪ ወደ ኋላ ቢመለስ እንኳ ለኤሌክትሮኑ ከ477 በላይ መስጠት አይችልም። ይህን በኮምፕተን ቀመር (ፎቶን ኤሌክትሮን ገጭቶ ሲመለስ የሚቀርለትን ጉልበት በሚሰጠው) ራሴ አስልቼዋለሁ።

ጉዴ 184 አካባቢ ያለው ጉብታ ነው። መጀመሪያ ሌላ ምንጭ የተቀላቀለ መስሎኝ ነበር። ኋላ 477 እና 184ን ስደምር 661 መጣ፤ ከ662ቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል! አጋጣሚ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ግን ወደ ኋላ የተመለሰው ፎቶን ከክሪስታሉ ካመለጠ፣ ዲቴክተሩ እንዴት አድርጎ ይቆጥረዋል? መምህራችን «አስቡበት» ብለው ወጡ (ይኸው እያሰብን ነው)።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከምንጩ ጀርባ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ስናቆም ጉብታው ከፍ አለ። ዙሪያውን የነበረውን የሊድ ጡብ ስናነሳ ደግሞ 75 አካባቢ የነበረችው ትንሽ ጫፍ ጠፋች። ታዲያ የ184ቱ ፎቶኖች መጀመሪያ ሳህኑንና ጠረጴዛውን ገጭተው፣ ከዚያ ወደ ክሪስታሉ የገቡ ናቸው? የ75ቷስ ከሊዱ አተም የወጣች ኤክስሬይ ትሆን?

ሪፖርቱ የሚገባው ሰኞ ነው። ቀመሩ አለኝ፤ የፎቶኑን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳኝ ሰው ነው ያጣሁት።