የአባቴ ፔጆ 504፦ ቤንዚኑ ይቆይ ወይስ የናፍታ ሞተር ይግባለት?

ጥያቄ፦ ባለፔጆው፣ ሱሉልታ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የአሮጌ መኪና ወዳጆች። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፉት አባቴ ያወረሱኝ ፔጆ 504 አለ። ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተሩና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልለት ካርቡራቶሩ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ ቦዲውም ደኅና ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ እወርድበታለሁ።

ችግሬ ሁለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከ14 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል፤ ማታ ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረውና ጥቁር ጭስ ያወጣል። የሰፈራችን መካኒክ ከሌላ 504 የወረደ ባለ 2.3 ሊትር የናፍታ ሞተር አግኝቶልኛል፤ «ይህን ካስገባህለት ፍጆታውም ይቀንሳል፣ ዳገቱንም አትፈራውም» ይለኛል። እናቴ ግን የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ የአባትህ መኪና መሆኑ ይቀራል ብለው አዝነዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የቃሊቲው መካኒክ

ወንድሜ፣ የአባትዎን ነፍስ ይማርልን። ሞተሩን ከማስወረድዎ በፊት ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን ፈትተው ጫፉን እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ። ጫፉ በደረቅ ጥቀርሻ ተሸፍኖ ጣትዎን የሚያጠቁር ከሆነ፣ በሽታው ሞተሩ የቤንዚን መሆኑ ሳይሆን ከሚገባው አየር ይልቅ ቤንዚኑ መብዛቱ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ አገር ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ጂግለር ግን ቀዳዳው የተለካው ለቆላ አየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ጥቁሩ ጭስም፣ የፍጆታው መብዛትም፣ የድካሙ አንድ ክፍልም ከዚህ ይመጣል። ዋናውን ጂግለር ቀዳዳው በትንሹ ጠበብ ባለ ሌላ ጂግለር መተካትና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ዳገቱን በተመለከተ መካኒክዎ የነገረዎት ትክክል አይደለም። ሁለቱም ሞተሮች አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌላቸው ስለሆኑ ከፍታው ከሁለቱም ከጉልበታቸው ሩብ ያህሉን ይወስዳል። የእርስዎ ቤንዚን ከፋብሪካ ሲወጣ ከ90 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው፤ የ2.3ቱ ናፍታ ግን 70 ገደማ ነው። ናፍታው በዝቅተኛ ዙር ይጎትታል፤ ቢሆንም ለዳገት ብለው ቢቀይሩ ያዝናሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ፍሬኑ ነው። የቤንዚን ሞተር ከነዳጅ መስጫው ፔዳል እግርዎን ሲያነሱ የአየር መግቢያው ክዳን ስለሚዘጋ ቫኪዩም ይፈጥራል፤ እግርዎን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በዚያ ነው። ይህ የናፍታ ሞተር ክዳን ስለሌለው ለሰርቮው የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። ሞተር አስቀይሮ ፓምፑ ሳይገጠምለት የወጣ መኪና ወደ ጋራዣችን መጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሮበት በሁለት እግሩ ረግጦ ነው የተረፈው። እርስዎ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርዱ ሰው ነዎት፤ ፓምፑ መገጠሙን ሳያረጋግጡ በምንም ነገር አይስማሙ። ከዚያ በኋላ የሞተር ማቀፊያው፣ ክብደቱን የሚሸከሙት የፊት ሞላዎች፣ ወደ ታንከሩ የሚመለሰው የናፍታ ቱቦ፣ ሊብሬው ላይ የሚቀየረው የሞተር ቁጥር፣ ሁሉም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

መልስ፦ የሰበታው ባለመርሴዲስ

እኔ ናፍታን የምወድ ሰው ነኝ፤ ሆኖም በዚህ ጉዳይ ከቃሊቲው መካኒክ ጋር እስማማለሁ። የምነዳው መርሴዲስ 240 ዲ ከመጀመሪያው ለናፍታ ታስቦ የተሠራ ነው። ፋብሪካው ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናፍታ የሚሄድ የቤት መኪና ሲያመርት የቆየ ስለሆነ ማቀፊያው፣ ካምቢዮውና ፍሬኑ ሁሉ ሞተሩን ያውቁታል። ከሰበታ ጅማ ደርሼ ስመለስ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ እሳት የሚያመነጭ ቦቢና የለ፣ ፑንቲና የለ፣ ዝናብ ገባበት ብሎ የሚቆም ነገር የለም። እንዲህ ላለው ረጅም መንገድ ወደር አላገኘሁለትም።

የማለዳውን ነገር ግን ልንገርዎ። እንደ እኔው ባለ አሮጌ ሞተር ናፍታው የሚቀጣጠለው አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ተጨምቆ ሲግል ነው፤ አየሩ ሲሳሳና ሲቀዘቅዝ ያ ሙቀት በቀላሉ አይገኝም። በእኔ መኪና ላይ አራቱ ማሞቂያ ካንዴሌታዎች በአንድ መስመር የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ከተቃጠለ አራቱም ይጠፋሉ። በኅዳር ውርጭ ቁልፉን ይዤ እየቆጠርኩ ስጠብቅ፣ ሞተሩም በነጭ ጭስ እየተንቀጠቀጠ ሲነሳ ጎረቤት ሁሉ ይነቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚነሳ፣ ያውም በሱሉልታ ብርድ ለሚያድር መኪና ናፍታ አይስማማውም። ናፍታ የሚያምርዎት ከሆነ በናፍታ የተሠራ መኪና ለብቻው ይፈልጉ።

ባለፔጆው፣ ሱሉልታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካንዴላዎቹን ስፈታቸው አራቱም በጥቀርሻ ጠቁረው ነበር፤ ጂግለሩ ተለወጠ፣ እሳቱም ተስተካከለ። ከሁለት ሳምንት ልኬት በኋላ ፍጆታው ወደ 12 ሊትር ወርዷል፤ ጥቁሩም ጭስ ቆሟል። ዳገቱ ላይ አሁንም በ3ኛ ማርሽ ነው የምወጣው፣ ነገር ግን አይንተፋተፍም። የናፍታውን ሞተር እንደማልገዛ ለሰፈራችን መካኒክ ነግሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፦ እኩለ ቀን ላይ በመኪና መጨናነቅ ቆሜ ስቆይ ይጠፋና ሲቀዘቅዝ እንጂ አይነሳም።

የቃሊቲው መካኒክ

ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እየተነነ ነው። በከፍታ ላይ ማንኛውም ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል፤ የቤንዚን ፓምፑም ሞተሩ ላይ የተገጠመ በመሆኑ ሙቀቱን ሁሉ ይቀበላል። ከፓምፑ እስከ ካርቡራቶሩ ያለውን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ያርቁትና ሙቀት በሚከላከል ነገር ያስጠቅልሉት። የጎማ ቱቦዎቹንም በዚያው ያስቀይሩ፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) የተደባለቀበት ቤንዚን ሲሸጥ ስለነበር በመኪናው ዘመን የተሠራ ጎማ ከውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ቱቦ በጣትዎ አጥፈው ይመልከቱት፤ ከተሰነጠቀ ለነገ አይበሉት።