ለሐዋሳው ወንድማችን፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ

ወንድሜ፣ ለማስተርስ በሁለት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀባይነት በማግኘትህ እንኳን ደስ አለህ፤ የትኛውን ልምረጥ ብለህ ጠይቀሃል። ቤተሰቦችህ «በዓለም ደረጃ ከፍ ያለውን ያዝ» ማለታቸው ለአንተ ከማሰብ ነው። ነገር ግን ለአፈር ሳይንስ ማስተርስ ሁሉንም የትምህርት ዘርፍ በአንድ በሚያጠቃልለው ደረጃ መወሰን ይጎዳሃል ብዬ አምናለሁ።

የኔዘርላንድሱን ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመልከት። በየዓመቱ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ከሚያወጡት ሁለት ድርጅቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 እትማቸው ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን በ60ዎቹ ውስጥ ሲያስቀምጠው፣ ኪውኤስ ከ150ኛ በታች አውርዶታል። ዩኒቨርሲቲው ያው፣ እትሙም የአንድ ዓመት። በዚያው በኪውኤስ የግብርናና ደን ሰንጠረዥ ላይ ግን ለዓመታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። አጠቃላዩን ብቻ ያየ ሰው በሙያው ቀዳሚ የሆነውን አልፎት ይሄዳል።

ነገሩ ያለው አመዛዘኑ ላይ ነው። ኪውኤስ ከ100 ነጥብ 30ውን ለምሁራን፣ 15ቱን ለቀጣሪዎች አስተያየት ይሰጣል፤ የመምህርና የተማሪ ጥምርታ 10 ብቻ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የሻንጋይ ደረጃ ደግሞ 30 በመቶውን የኖቤል ሽልማትና ለሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጠውን የፊልድስ ሽልማት ላገኙ ምሩቃንና ባልደረቦች መድቧል። በአፈር ሳይንስ የኖቤል ሽልማት የለም! ታዲያ ያ ነጥብ ለአንተ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ የዘርፉን ሰንጠረዥ ክፈት፤ እዚያም ቢሆን በ60ኛና በ75ኛ መካከል ላለው ልዩነት አትጨነቅ። ከዚያ የትምህርት ክፍሉን መምህራን አንድ በአንድ እይ። የመመረቂያ ጽሑፍህን የሚያማክርህ ማን ነው? በቅርብ ዓመታት ምን አሳተመ? በደጋው ገበሬ ማሳ ላይ ኖራ እየተበተነ ያለው በአፈር አሲዳማነት ምክንያት ነውና፣ በዚህ ላይ የሚሠራ አንድ አማካሪ ከብዙ ደረጃ ይበልጥብሃል። እዚያው ሐዋሳ ግብርና ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ውጭ ተምረው የተመለሱ መምህራን አሉ፤ ሄደህ ጠይቃቸው፣ በደስታ ይነግሩሃል።

ገንዘቡን የትኛውም ደረጃ አያሳይህም። በኔዘርላንድስ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ ከአገሬው ተማሪ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለቪዛ በዝግ የባንክ ሒሳብ (ገንዘቡ በየወሩ በተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት) ለዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት ያስፈልጋል። ከተቀበሉህ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነፃ የትምህርት ዕድል ከሰጠህ፣ በደረጃ ዝቅ ቢልም እኔ እሱን እመርጥልሃለሁ። የሁለቱንም የኮርስ ዝርዝር ላክልኝና አብረን እንየው።