የዳነ ስብራት ከዓመታት በኋላ ለምን ያማል?

ጥያቄ፦ ከ9 ዓመት በፊት ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ በብሎን ታስሮ ነበር፤ አጥንቱም በሚገባ ገጥሞ ያለ ችግር ስሄድበት ቆይቻለሁ። ካለፉት 3 ወራት ወዲህ ግን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የምራመደው እያነከስኩ ሲሆን፣ ደረጃ ስወርድም ከፊት በኩል ይወጋኛል። የዳነ አጥንት እንዴት ዛሬ ያማል?

መልስ፦ የሚያምዎት አጥንቱ ላይሆን ይችላል። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው እንደ አጥንት አይጠገንም፤ ስለዚህ ስብራቱ እስከ መገጣጠሚያው ገጽ ደርሶ ከነበረ፣ የቀረው ትንሽ ወጣ ገባ ካርቲሌጁን በየእርምጃው እየፈገፈገ ከዓመታት በኋላ አርትራይተስ የተባለውን የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም ብሎኑን አይርሱት። እኔን ያመኝ የነበረው ጫማዬ የብሎኑን ራስ ሲነካው ብቻ ነበር፤ ከወጣልኝ በኋላ ተሻለኝ። ራጁን ቆመው፣ ክብደትዎን እግርዎ ላይ ጥለው ቢነሱ ይመረጣል፤ ተኝተው ሲነሱ የመገጣጠሚያው መጥበብ ላይታይ ይችላል።

ሦስተኛ መልስ፦ መገጣጠሚያው ቀልቶ ቢያብጥና ትኩሳት ቢኖርዎ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታከሙ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የድሮውን ራጅ አውጥቼ ሳየው ስንጥቁ በእርግጥም እስከ መገጣጠሚያው ይወርዳል፤ ለሐኪሙ ይዤው እሄዳለሁ።